ስለ ጉበቱ ማን ጠየቀ?

ወደ አረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ወጣት ከመሄዷ በፊት የሕክምና ምርመራ ታደርጋለች። የደረት ራጅ ትነሳለች፤ ደሟ ለኤችአይቪ ይመረመራል፤ ለሄፓታይተስ ቢም ይመረመራል። የጉበት ቫይረሱ ከተገኘባት «አንፊት» ተብላ ትመለሳለች፤ ብዙዎችም ስለ ጉበታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት በዚያች ቃል ነው። በደም ባንክም አንድ ሰው በፈቃዱ የለገሰው ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ሳይመረመር ለሕመምተኛ አይሰጥም። እንግዲህ ምርመራው አገር ውስጥ አለ፤ የሚሠራው ባለሙያም አለ፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጠው ፈጣን መመርመሪያም ውድ ዕቃ አይደለም። ታዲያ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት የኤችአይቪ የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት (ኤአርቲ) ሲወስድ የኖረውን፣ ቀጠሮውን አክብሮ የሚመጣውን፣ ደሙ ስንት ጊዜ የተቀዳለትን አዋቂ ሰው ስለ ጉበቱ ማን ጠየቀው?

ለውጭ አሠሪ ሲሆን ግዴታ የሆነ ምርመራ ለራሳችን ታካሚ ሲሆን ለምን «ቢገኝ ጥሩ ነበር» ይሆናል?

ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፉባቸው መንገዶች አንድ ዓይነት ናቸው፤ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ከእናት ወደ ልጅ። የጉበቱ ቫይረስ ግን ከኤችአይቪ ይልቅ ከ50 እስከ 100 እጥፍ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ከሰውነት ውጭም ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። በኢትዮጵያ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንተና በአጠቃላይ ከተመረመሩት 7.4 በመቶው፣ ኤችአይቪ በደማቸው ካለባቸው ደግሞ 5.2 በመቶው ሄፓታይተስ ቢ እንደተገኘባቸው አስቀምጧል። በአገራችን ከኤችአይቪ ጋር የሚኖረው ሰው 600 ሺህ ገደማ ነው። ከመቶ አምስት ብለን ብቻ ብናሰላው 30 ሺህ ሰው ይሆናል። ከ30 ሺሁ ስንቱ ያውቃል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በአፍሪካ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች መካከል ተመርምረው ያወቁት 4.2 በመቶ ብቻ ናቸው።

ሁለቱ ቫይረሶች አንድ አካል ውስጥ ሲገናኙ የሚያደርሱት ጉዳት ደግሞ ተደምሮ የሚቀር አይደለም። በአሜሪካ ከ5 ሺህ በላይ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት በጉበት በሽታ የሚሞቱትን ቆጥሮ ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ካለባቸው ከሺህ ሰው በዓመት 0.8፣ ኤችአይቪ ብቻ ካለባቸው 1.7፣ ሁለቱም ካለባቸው 14.2 ሆኖ ተገኘ። ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም የጉበቱ ቫይረስ ያለ ከልካይ ይባዛል፤ ጉበቱ ቶሎ ጠባሳ ይይዛል፤ ካንሰሩም ቀድሞ ይመጣል። በኤድስ እንዳይሞት ይህን ያህል የደከምንለትን ሰው ባልጠየቅነው ጉበቱ ስንቀብረው በመዝገቡ ላይ የሞቱን ምክንያት ምን ብለን ነው የምንጽፈው?

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠውን መልስ ከአንድም ሁለት ሐኪም ሰምቻለሁ። «ሁሉም ቴኖፎቪር እየወሰደ ነው እኮ፤ ቴኖፎቪር ደግሞ ሁለቱንም ያክማል። መመርመሩ ምን ይለውጣል?» ይላሉ። መልሱ ባዶ አይደለም። ዛሬ አብዛኛው አዋቂ የሚወስደው፣ በክሊኒክ ቋንቋ «አንድ ጄ» የሚባለው እንክብል 300 ሚሊግራም ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊግራም ላሚቩዲንና 50 ሚሊግራም ዶሉተግራቪር ይዟል። የፊተኞቹ ሁለቱ በሄፓታይተስ ቢ ላይም ይሠራሉ፤ ቴኖፎቪር ደግሞ ዛሬ ለጉበቱ ቫይረስ ካሉት ምርጥ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሳያውቀው፣ ሐኪሙም ሳያውቅ፣ ጉበቱ እየታከመለት ነው። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ግን ሕክምናው በአጋጣሚ የተገኘ ስለሆነ በአጋጣሚም ይቋረጣል፤ ያ ሲሆን ማን ያያል?

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንጀምር። በ1997 ዓ.ም. ነፃ መድኃኒት መሰጠት ሲጀምር የተለመዱት «አንድ ኤ» እና «አንድ ሲ» ነበሩ። በአንዱ ስታቩዲን፣ በሌላው ዚዶቩዲን አለ፤ በሁለቱም ላሚቩዲንና ኔቪራፒን ይገኛሉ። በእነዚህ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢን የሚነካው ላሚቩዲን ብቻ ነው። ብቻውን የተሰጠ ላሚቩዲን ደግሞ ቶሎ ይለመዳል፤ ሁለቱም ቫይረሶች ባሉባቸው ሰዎች ላይ በአራት ዓመት ውስጥ ከዐሥሩ በዘጠኙ ያህል ቫይረሱ መድኃኒቱን እንደሚቋቋም በፈረንሳይ የተሠራ ጥናት ካሳየ ቆይቷል። ኔቪራፒን ራሱ ጉበትን የሚጎዳ መድኃኒት ነው፤ ሄፓታይተስ ያለበትን ደግሞ ይብሱን። በዚያን ጊዜ የነበረው መድኃኒት ይኸው ነበር፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ተርፎበታል። በዚያ ዘመን የነበረን ባለሙያ ለምን ይህን ሰጠህ ብዬ አልከስም። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ለመጣው ነው፦ እነዚያን ዓመታት በላሚቩዲን ብቻ ያሳለፈው ታካሚ ወደ ቴኖፎቪር ሲዛወር ጉበቱ በምን ሁኔታ ላይ እንደደረሰ ያየለት አለ? ጠባሳ የያዘ ጉበት መድኃኒት ስለተቀየረ ብቻ ወደ ነበረበት አይመለስም። ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ጠባሳ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሳት አለበት፤ ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ የሚገኘው በዚያ ነው። ቫይረሱ እንዳለበት ያልተነገረው ሰው ለየትኛው አልትራሳውንድ ይቀጠራል?

አሁን አንድ ታካሚ እናስብ፤ አርባ አምስት ዓመት የሆነው፣ ሥራውን የሚሠራ፣ ልጆች የሚያሳድግ። በደሙ ያለው የኤችአይቪ መጠን (ቫይራል ሎዱ) ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የምክር አገልግሎት ተሰጠው፤ ተደግሞ ሲመረመርም አልወረደም። ሕክምናው ወደ ሁለተኛ መስመር፣ የመጀመሪያው ሳይሠራ ሲቀር ወደሚሰጠው መድኃኒት፣ ተቀየረ። ቴኖፎቪር ወጥቶ ዚዶቩዲን ገባ፤ ላሚቩዲኑ ቀረ፤ ሪቶናቪር የተጨመረበት አታዛናቪር ታከለ። ከኤችአይቪ አንጻር ቅያሬው መመሪያውን የተከተለ፣ ትክክለኛ ቅያሬ ነው። ጉበቱን ለዓመታት አፍኖ ይዞለት የነበረው መድኃኒት ግን በዚያች ቀን ወጣ። ሳምንታት ወይም ወራት ያልፋሉ። ሰውየው ይደክመዋል፤ ምግብ ይዘጋዋል፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ወደ ክሊኒኩ ይመጣል። አታዛናቪር ደግሞ ጉበትን ሳይጎዳ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ይህን የትኛውም የኤአርቲ ባለሙያ ያውቀዋል። ስለዚህ ባለሙያው በቅንነት ያረጋጋዋል፦ «አይዞህ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ምንም አይደለም።» ሰውየው ተመልሶ ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» ትላለች፤ ሥር ተቀጥቅጦ ይጠጣል፤ የቆሰለው ጉበት ሌላ ሸክም ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ ያጠፋው ማን ነው? ባለሙያው መመሪያውን ተከትሏል። ታካሚው የተሰጠውን ውጧል። ጎረቤቷም የምታውቀውን መክራለች። የጎደለው አንድ መስመር ነው፤ በካርዱ ላይ «ሄፓታይተስ ቢ አለበት» የሚል። ያ ቢኖር ኖሮ ቴኖፎቪሩ ባልወጣ ነበር። ሁለቱም ያሉበት ሰው ወደ ሁለተኛ መስመር ሲዛወር ቴኖፎቪር ለጉበቱ ሲባል እንዲቀጥል የዓለም ጤና ድርጅት ከመከረ ዓመታት አልፈዋል። ምክሩን ለመፈጸም ግን መጀመሪያ ማን እንዳለበት መታወቅ የለበትም ወይ?

ዶሉተግራቪር ጠንካራ ስለሆነ ወደ ሁለተኛ መስመር የሚዛወረው ሰው እንደ ቀድሞው አይበዛም፤ እውነት ነው። ቴኖፎቪር የሚወጣበት በር ግን ያ ብቻ አይደለም። በመድኃኒት ዕድሜው የረዘመው ሰው አሁን የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የሚይዘው ዕድሜ ላይ ደርሷል። ኩላሊቱ ሲደክም ክሬአቲኒኑ ይጨምራል፤ ቴኖፎቪሩ ወጥቶ አባካቪር ይገባል። አባካቪር ለሄፓታይተስ ቢ አይሠራም። እዚህም የሚያዋጣ መንገድ አለ፤ ኩላሊትን ብዙ የማይነካው የቴኖፎቪር ዓይነት አለ፤ ኢንቴካቪር መጨመርም ይቻላል። ግን ለማን?

መድኃኒት ጭራሽ የሚቋረጥበትስ ጊዜ? እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ጤና ተቋማት ፈርሰው፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ሰው መድኃኒቱን ትቶ ሸሽቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ በድንገት ሲታገድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን የሚተውም አለ፤ የሃይማኖት አባቶች ሁለቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ቢመክሩም። ኤችአይቪ ብቻ ያለበት ሰው ለተወሰነ ጊዜ ቢያቋርጥ ቫይረሱ ይመለሳል፤ ክፉ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ለመጀመር ጊዜ ይሰጠዋል። ሄፓታይተስ ቢም ያለበት ሰው ቴኖፎቪር ድንገት ሲያቋርጥ ጉበቱ በኃይል ሊቆጣ፣ ሥራውን ሊያቆምም ይችላል። ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በሳጥን ተከብቦ የተጻፈ ነው። በየወረዳው ጠፍቶ የቀረን ታካሚ በስልክና በእግር የሚፈልጉ ሠራተኞች አሉ፤ ከሚፈልጓቸው ስሞች ውስጥ በቶሎ ካልተገኘ ጉበቱ የሚሞትበት የትኛው እንደሆነ በምን ይለዩታል?

ሌላ ጊዜም እየመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የዓለም ጤና ድርጅት በየሁለት ወሩ የሚወጋውን የካቦቴግራቪርና የሪልፒቪሪን መርፌ እንደ አማራጭ ሲመክር «ሄፓታይተስ ቢ ለሌለባቸው» የሚል ገደብ አስቀምጧል፤ ሁለቱም መድኃኒቶች ጉበቱን ስለማይከላከሉ። እንክብል በየቀኑ መዋጥ የሰለቸው፣ ከቤተሰብ ደብቆ የሚወስደው ሰው መርፌውን እንደሚናፍቅ አያጠራጥርም። መርፌው ሲመጣ ነው ወይስ ከመምጣቱ በፊት ነው የምንመረምረው?

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም አለ፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድና ፒራዚናሚድ ሦስቱም ጉበትን ይፈታተናሉ። ሁለቱም ቫይረሶች ያሉበት ሰው ቲቢ ሲጨመርበት ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ከመድኃኒቱ ነው ከቫይረሱ? ነገሩን ለመለየት የሚረዳው የደቂቃዎች ምርመራ ከወራት በፊት መደረግ ነበረበት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሥርዓት ለምን አይመረምርም? አንዱን ምክንያት በወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የኤችአይቪ ሕክምና መመሪያ ታካሚው ሲጀምር የሚሠሩትን ምርመራዎች በሰንጠረዥ አስቀምጧል። ሲዲ ፎር (የመከላከያ ሕዋሳት ቆጠራ) እና የቲቢ ልየታ በሚመከሩት ረድፍ ውስጥ ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ ያለው «ከተቻለ» በሚለው ረድፍ ነው። በዚያ ረድፍ የገባ ነገር በጀት አይመደብለትም፤ ሪፖርት አይጠየቅበትም፤ ባይሠራ ማንም አይወቀስበትም። የኤችአይቪ ገንዘብ በአብዛኛው ከአሜሪካው ፔፕፋርና ከግሎባል ፈንድ ሲመጣ ኖሯል፤ እያንዳንዱ ዶላር የተቆጠረ ውጤት ይጠየቅበታል። ሄፓታይተስ ግን እንዲህ ያለ ረዳት ኖሮት አያውቅም። ገንዘቡ በበሽታ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ በሽታዎቹ ግን አንድ ሰው ውስጥ ነው ያሉት። የረጂ ሪፖርት ስላልጠየቀው ብቻ የታካሚን ጉበት መተው እንችላለን?

«አቅም የለንም» የሚለውም በቅርብ ሲታይ አይጸናም። የሄፓታይተስ ቢን የቫይረስ መጠን ለመለካት አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ ለቲቢ በየሆስፒታሉ የተተከለው ጂን ኤክስፐርት የራሱ ካርትሪጅ ሲገባለት ይሠራዋል፤ የኤችአይቪ ቫይራል ሎድ የሚሠራባቸው ትልልቅ ማሽኖችም እንዲሁ። ቴኖፎቪር በዓለም ገበያ በወር 2.4 ዶላር እንደሚገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ጽፏል። የባለሙያ ነገር ከተነሳም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከ1300 በላይ የሄፓታይተስ ቢ ሕመምተኞችን መዝግቦ መከታተልና ማከም በአገራችን እንደሚቻል አሳይቷል። በአንድ ሆስፒታል ከባዶ ተነስቶ የተቻለ ነገር፣ ታካሚው ካርድ ባለው፣ ቀጠሮ ባለው፣ ነፃ ቴኖፎቪር በሚታደልበት የኤአርቲ ክሊኒክ ውስጥ እንዴት ከባድ ይሆናል?

ካርዱን ካነሳን፣ የኤአርቲ መከታተያ ቅጽ ምን ምን እንደሚመዘግብ የሚያውቅ ያውቃል። ክብደት ይጻፋል። ሰውየው ሥራ ይሠራል፣ ቆሞ ይሄዳል ወይስ ተኝቷል የሚለው በአንድ ፊደል ይቀመጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ መውሰዱ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ ተብሎ ይለካል። የቲቢ ምልክት በየቀጠሮው ይጠየቃል። ባለሙያዎቹ ይህን ሁሉ በድካም፣ ብዙ ጊዜም በቂ ደመወዝ ሳያገኙ ይሞላሉ። በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ የሚሞላ አንድ ተጨማሪ መስመር ይበዛባቸዋል?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የታካሚው የማወቅ መብት ነው። ሰው በደሙ ውስጥ ያለውን በሽታ ሳያውቅ እየታከመ መኖሩ ለእኛ አሠራር ይመች ይሆናል፤ ለእሱ ግን ምን ያስቀርበታል? ሚስቱንና ልጆቹን ማስመርመር ያስቀርበታል። ኤችአይቪ ሲገኝ የትዳር ጓደኛና ልጆች እንዲመረመሩ እንገፋፋለን፤ ያ መልካም ሥራ ነው። ክትባት ያለው ግን ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ የቤተሰቡን ሌላ ሰው በሦስት መርፌ ልንጠብቀው የምንችለው ከዚህኛው ነው። መጠጥ እንዲተው የሚነግረውም አይኖርም፤ አረቄ ለሌላው ሰው ጎጂ ከሆነ ለእሱ መርዝ ነው። «ለሐኪሙ ሳልነግር መድኃኒቴን አላቆምም» የሚልበት ተጨማሪ ምክንያትም አያገኝም።

ንገሩት ስንል ነውርን እንጨምርበት ማለት አይደለም። በአገራችን አብዛኛው ሄፓታይተስ ቢ የሚያዘው በሕፃንነት ነው፤ በወሊድ ጊዜ ከእናት፣ ወይም በልጅነት በጋራ ምላጭ፣ በንቅሳት፣ እንጥል በሚቆረጥበት ቢላ። ሕፃን ሆኖ ከእናቱ የተያዘ ከመቶ ዘጠናው ያህል ቫይረሱን ለዘለቄታው ይሸከመዋል፤ በጤነኛ አዋቂነቱ የተያዘ ግን ከመቶ ከአምስት የሚያንሰው ብቻ ነው ተሸካሚ የሚሆነው። ስለዚህ ሁለቱም ባሉበት ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የጉበቱ ቫይረስ ከኤችአይቪ በብዙ ዓመት ይቀድማል። «ይህንንስ ከየት አመጣኸው?» ተብሎ የሚጠየቅበት ሳይሆን በግልጽ የሚነገር ነገር ነው። ይህን የሚያስረዳው አማካሪ ሥልጠናውን አግኝቷል?

ነፃ ሆነው የሚገኙትስ? ከመቶ ዘጠና አምስቱ ነፃ ቢሆኑ ምርመራው በከንቱ ነበር ማለት አይደለም፤ ያኔ ክትባት ይገባል። ሄፓታይተስ ቢ በሕፃናት ክትባታችን ውስጥ የተካተተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ፣ ማለትም ዛሬ አዋቂ የምንለው ከሞላ ጎደል ሁሉ፣ በልጅነቱ አልተከተበም። ኤችአይቪ ያለበት አዋቂ ክትባቱ በሚገባ እንዲይዝለት አንዳንዴ እጥፍ መጠን ያስፈልገዋል፤ ሲዲ ፎሩ ከፍ ሲል ደግሞ የተሻለ ይይዝለታል። መከተብ ያለበት እንግዲህ ተመርምሮ፣ በጊዜው ነው። መድኃኒቱን በነፃ የሚሰጠው ክሊኒክ ክትባቱን ግን ከግል ፋርማሲ ገዝተህ ና ካለው፣ ስንቱ ገዝቶ ይመጣል?

ለጤና ሚኒስቴር የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ ኤአርቲ ላይ ያለ እያንዳንዱ አዋቂ አንድ ጊዜ ለሄፓታይተስ ቢ እንዲመረመርና ውጤቱ በካርዱ ላይ እንዲጻፍ መቼ ነው በግዴታ የሚታዘዘው? ማን ስንት እንደመረመረስ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት የሚጠየቀው መቼ ነው? ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ማኅበራትም መድኃኒት በነፃ እንዲሰጥ የታገሉትን ያህል ለዚህ ምርመራ ድምፃቸውን ያሰማሉ ወይ? መመሪያ እስኪሻሻል የማይጠብቅ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱም በክሊኒኩ ውስጥ ላለው ባለሙያ ነው። ለዓመታዊው ቫይራል ሎድ ከታካሚው ክንድ ደም ሲቀዳ፣ ከዚያው ደም ጥቂቱ ለኤችቢኤስኤጂ፣ ማለትም ለሄፓታይተስ ቢ ምርመራ፣ እንዲታይ ለመጻፍ ዛሬ የሚከለክለው ምንድን ነው?